በ1፡72 ስኬል የታይገር ታንክ ከመግዛቴ በፊት የቀለሙንና የማስረጀቱን ሥራ እንዴት ላነጻጽር?

አዲስ ሰብሳቢ (ውይይቱን የከፈተው)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ለበርካታ ዓመታት የዳይካስት አውሮፕላኖችን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከተጣለ ብረት የሚሠሩ ትንንሽ ሞዴሎችን፣ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። ፊቴን ወደ ታንክ ያዞርኩት ባለፈው በጋ በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ የሚገኘውን የቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም ከጎበኘሁ ወዲህ ነው። እዚያ የቆመው ታይገር 131 በኤፕሪል 1943 እ.ኤ.አ. በቱኒዚያ በብሪታንያ ጦር የተማረከው የጀርመን ታንክ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ያህል ዙሪያውን ስመለከተው ከቆየሁ በኋላ የእርሱን አምሳያ በመደርደሪያዬ ላይ የማየት ፍላጎት ከልቤ ሊወጣ አልቻለም።

አሁን ሁለት ሞዴሎች ቀርበውልኛል። ሁለቱም በ1፡72 ስኬል የተሠሩ ዳይካስት ናቸው፤ ሁለቱም የ131ን ቁጥር በቱሬታቸው (መድፉን በያዘው የሚዞር የላይኛው ክፍል) ላይ ይዘዋል። ውይይቱ ወደ ፋብሪካዎች ስም እንዳይሄድብኝ «ሀ» እና «ለ» ብዬ ልጥራቸው። «ሀ» በጣም የተረጀ ነው፤ ማስረጀት ስል አዲሱ ሞዴል ያገለገለ እንዲመስል በላዩ የሚሠራውን የአቧራ፣ የዝገት፣ የጭረትና የጥላሸት ሥራ ማለቴ ነው። ጠርዞቹ ሁሉ በብርማ ቀለም ተልጠዋል፣ ከየብሎኑ ሥር የዝገት መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኛው አካሉ በወፍራም ቀይ ቡናማ ጭቃ ተሸፍኗል። «ለ» ግን አሸዋማ ቀለሙ አንድ ወጥ ሆኖ በሰንሰለቱ አካባቢ ስስ አቧራ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ጥቂት ጥላሸት ብቻ ይታይበታል። የ«ሀ» ዋጋ የ«ለ»ን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል።

በፎቶግራፍ ሲታዩ «ሀ» ነፍስ የዘራ ይመስላል፤ «ለ» ደግሞ ገና ከካርቶኑ የወጣ መጫወቻ ይመስላል። ሻጩ የተሸጠ ዕቃ እንደማይመልስ አስቀድሞ ነግሮኛል። ስለዚህ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ምን ምን እንደምመለከት ብታስተምሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሰባ ሁለተኛ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

እንኳን በደህና መጡ። ሞዴሎቹን ከማድነቅዎ በፊት ማስመሪያ ይያዙ፤ እኔ ይህን ሳላደርግ የገዛኋቸው ሦስት ታንኮች ዛሬ በሳጥን ውስጥ ናቸው።

በ1፡72 ስኬል አንድ ሚሊሜትር በእውነተኛው ታንክ ላይ 7.2 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ በ«ሀ» ጠርዝ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ያለው ብርማ ልጣጭ ካለ፣ በእውነተኛው ታንክ ላይ ወደ አራት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የተላጠ ብረት መሆኑ ነው፤ ያውም በየጠርዙ ሳይቋረጥ። ከብሎን ሥር የሚወርደው የዝገት መስመር ሁለት ሚሊሜትር ቢሰፋ ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። አንድ ብሎን ያን ያህል ዝገት ከየት ያመጣል?

ሌላም ስሌት አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ዓይኔን የከፈተልኝ እርሱ ነው። ሞዴሉን በእጅዎ ይዘው ከዓይንዎ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሲመለከቱት፣ እውነተኛውን ታንክ ከ21 ሜትር በላይ ርቀው እንደቆሙ ይቁጠሩት። ከዚያ ርቀት የጣት ጥፍር የምታህል ጭረት ለዓይን አትታይም፤ የሚታየው የአቧራው መደብ፣ የጥላሸቱ ጥቁረትና የቀለሙ መገርጣት ነው። በዚሁ ምክንያት ጥሩ ቀቢዎች ሞዴሉን ሲቀቡ ከእውነተኛው ቀለም ጥቂት ያነጡታል፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር ሁሉ በአየሩ ምክንያት ፈዘዝ ይላልና። አንድ ሞዴል በፋብሪካው የቀለም ናሙና ልክ ድምቅ ብሎ ከተቀባ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሕተት ይመስላል።

የቀለሙንም ውፍረት ይመልከቱ። በአካሉ ላይ ያሉት የብሎን ራሶች፣ የመሣሪያ ማሰሪያዎችና የክዳን ማጠፊያዎች ጠርዛቸው ስል ሆኖ ካልታየ ቀለሙ በዝቶ ሞልቷቸዋል ማለት ነው፤ ይህን ጉድለት ምንም ዓይነት ማስረጀት አይሸፍነውም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጭቃው የሚደፈደፈው ይህንን ለመሸፈን ነው።

ጋራዥ ሰው (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታንክ ነድቼም ጠግኜም አላውቅም። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ በላሜራና በቀለም ሥራ ላይ ስለኖርኩ፣ ቀለም ከብረት ላይ እንዴት እንደሚለቅ አውቃለሁ፤ የሞዴል ፍቅሬም የመጣው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጣጩ ልናገር። መኪና ስንቀባ ብረቱን አጽድተን፣ ስቱኮ መትተን፣ የዝገት መከላከያ ቀብተን ነው የላዩን ቀለም የምንረጨው። ቀለሙ ሲነካ መጀመሪያ የሚለቀው የላይኛው ነው፤ ከሥሩ የሚታየው ብረቱ ሳይሆን የዝገት መከላከያው ነው። የጀርመን ታንኮችም ከላይኛው ቀለም በታች ቀይ ቡናማ የዝገት መከላከያ ነበራቸው። ስለዚህ ጭረቱ ሁሉ በቀጥታ ወደ ብርማ ቀለም የሚዘል ሞዴል ካየሁ፣ የቀባው ሰው ከቀለሙ በታች ምን እንዳለ ሳያስብ ነው የቀባው እላለሁ። ብረቱ ራሱ ቢገለጥ እንኳ ብር ሆኖ አይቆይም፤ አንድ ሌሊት ጤዛ ካደረበት በማግሥቱ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ ያድራል። ዘወትር የሚያብለጨልጨው ሁልጊዜ የሚፋተገው ብረት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰንሰለቱ መሬት የሚረግጥበት ፊቱና ጥርሶቹ የሚነክሱበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ ቦታውን ተመልከቱ። ከአፋር በረሃ መንገድ የተመለሰ መኪና ጋራዥ ሲገባ አቧራው እኩል አልተነሰነሰበትም። ከፓራፋንጎው በታችና ከኋላው ይወፍራል፣ በጎኑ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፣ በጣሪያው ላይ ስስ ነው፣ በማዕዘንና በማጠፊያ ውስጥ ይከማቻል። ቀለሙም የሚላጠው ሰው በሚነካው ቦታ ነው፤ በበር እጀታ፣ በመርገጫው፣ በነዳጅ መክደኛው ዙሪያ። ታንክ ላይ ይህን ስናስበው ወታደሮቹ የሚወጡበት የፊተኛው ጠርዝ፣ የክዳኖቹ ዙሪያ፣ ጥይት የሚጫንበትና ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ ነው። «ሀ» ላይ እነዚህ ቦታዎች ከቀረው አካል ጋር እኩል ተልጠው ከሆነ፣ ያ ማስረጀት ሳይሆን ጌጥ ነው።

ማርሚታውን ግን ለየት አድርጋችሁ እዩት። በሙቀት ምክንያት ቀለሙ ቶሎ ይቃጠላል፤ ስለዚህ አዲስ መኪና ላይ እንኳ ማርሚታው ዝጎ ብታዩ አትደነቁ። የታይገር ሁለት ጭስ ማውጫዎች በኋላው በኩል ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ፣ በዚያ አካባቢ ዝገትና ጥላሸት የሌለበት ሞዴል ነው የሚያስገርመኝ።

የቀለም ዘመን (ለንደን)፦

የጋራዥ ሰውን ቃል በታሪክ ልደግፈው። እስከ ፌብሩዋሪ 1943 ድረስ በአውሮፓ ያሉት የጀርመን ታንኮች መሠረታዊ ቀለም ጥቁር ግራጫ ነበር፤ ከዚያ ወር ጀምሮ ጥቁር ቢጫ የሚባለው ቀለም ተተካ፣ በላዩም አረንጓዴና ቀይ ቡናማ እየተረጨ መደበቂያ መልክ ይሰጠው ጀመር። ሰሜን አፍሪካ ግን የራሱ የበረሃ ቀለሞች ነበሩት። ስለዚህ የቱኒዚያ ታይገር ነው ተብሎ በ1944 ዓይነት ሦስት ቀለም የተቀባ ሞዴል ከቀረበልዎ፣ ማስረጀቱን ሳያዩ ይለፉት። ዚመሪት የሚባለው፣ ማግኔት ያለው ፈንጂ እንዳይጣበቅ በአካሉ ላይ ይለጠፍ የነበረው ሸካራ ልባስ በፋብሪካ መቀባት የጀመረው በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ ስለሆነ በ131 ላይ ሊኖር አይችልም። ጎማዎቹም በዙሪያቸው ላስቲክ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የብረት ዙሪያ ያላቸው የመጡት በ1944 ነው። በቱሬቱ ጎን ያለው ቁጥር ቀይ ሆኖ ነጭ ጠርዝ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ታይገር 131 ከፋብሪካ የወጣው በፌብሩዋሪ 1943 ነው። የተማረከው በኤፕሪል ነው። በመካከሉ ጣሊያን ድረስ በባቡር፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ቱኒዚያ ገብቷል። ይህ ታንክ በዕድሜው በሙሉ በጀርመኖች እጅ የቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው! ከየብሎኑ ሥር የዓመታት ዝገት የሚወርድበት ታንክ በምን ሒሳብ 131 ይሆናል? በእነዚያ ሳምንታት ሊደርስበት የሚችለው አቧራ፣ ጥላሸት፣ የጫማ ፍትጊያ፣ ከዘይትና ከነዳጅ የፈሰሰ እድፍ፣ በመጨረሻም የጥይት ምት ነው። ለዚህ ነው እኔ «ለ»ን ሳላየው ያመንኩት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሙዚየም ውስጥ ያዩትን ታንክ የእርጅና መለኪያ አያድርጉት። ታድሶ እንደገና የተቀባ ስለሆነ ቅርጹን እንጂ የውጊያ ዘመኑን ገጽታ አይነግርዎትም።

ራይን ወንዝ ዳር (ጀርመን)፦

ከወንድሞቼ ጋር በአብዛኛው ብስማማም፣ «ሀ» እንዲህ በቀላሉ መፈረጁ ልክ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ፣ ጭቃውን ውሸት አታድርጉት። ሰሜን አፍሪካ ሲባል ሁላችንም አሸዋ እናስባለን፤ የሰሜን ቱኒዚያ ክረምት ግን ዝናባማ ነው፣ በዲሴምበር 1942 የተባበሩት ኃይሎች ግስጋሴ የተገታበት አንዱ ምክንያት ጭቃው ነበር። በኖቬምበር መጨረሻ ቱኒዚያ መግባት የጀመሩት የ501ኛው ከባድ የታንክ ሻለቃ ታይገሮች በዚያ ጭቃ ውስጥ ተዋግተዋል። የ«ሀ» ጉድለት ጭቃ መኖሩ ሳይሆን፣ የክረምቱን ጭቃ የ504ኛው ሻለቃ በሆነው በ131 ላይ ማድረጉ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ።

ሁለተኛ፣ የሰባ ሁለተኛ ስሌት በእጅ ለሚያዝ ሞዴል እውነት ነው። የእኔ ሞዴሎች ግን በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ናቸው፤ የማያቸው ከሁለት ሜትር ርቀት ነው። ከዚያ ርቀት ላይ በስሱ የተረጀው ታንክ ሥራው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቁራጭ ይሆናል፤ ጥላውና ጠርዙ ጎላ ተደርጎ የተሠራው ግን ቅርጹ ይነበባል። ቀቢው በብሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር የሚያደርገው፣ ጠርዙን የሚያነጣው፣ ብርሃን በትንሽ ነገር ላይ እንደ ትልቅ ነገር ስለማይወድቅ ያንን ለማካካስ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የሙያው አካል ነው። ጠያቂያችን መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሞዴሉን የት አስቀምጬ ነው የማየው የሚለው ይመስለኛል።

ሰባ ሁለተኛ፦

ስለ ርቀቱ ያሉት ልክ ነው፣ አስቤውም አላውቅም ነበር። ጥላን ማጉላትና ዝገት መፍጠር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ከልቤ እቀበላለሁ፤ ሁለተኛው ለታንኩ ያልኖረውን ዕድሜ መስጠት ነው።

የወሎ ልጅ፦

ወንድሞቼ፣ ስለ ዝገት ስታወሩ ዝም ማለት አቃተኝ። ያደግሁት በሰሜኑ መንገድ ዳር ነው። ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ቲ-55 የሚባሉ የሶቪየት ሥሪት ታንኮች በየመንገዱ ዳር ቀርተው ነበር፤ እኛም ልጆች ሆነን በላያቸው ወጥተን አድገናል።

ከልጅነቴ ያስተዋልኩትን ላካፍላችሁ። የተቃጠለው ታንክና ተበላሽቶ የተተወው ታንክ አንድ ዓይነት አልነበሩም። የተቃጠለው ቀለሙ በእሳት ስለተበላ መላ አካሉ ብርቱካናማ ቡናማ ዝገት ለብሷል፤ የጎማዎቹ ላስቲክ ነድዶ ስላለቀ አካሉ ወደ መሬት ዝቅ ብሏል። ያልተቃጠለው ግን ከብዙ ዓመት ዝናብና ፀሐይ በኋላም አረንጓዴ ቀለሙ አልለቀቀውም፤ በላይኛው ፊቱ ገርጥቶ ነጣ ብሏል፣ ከቱሬቱ ሥር በጥላው ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ጥቁር አረንጓዴ እንዳለ ይገኛል። ዝገቱ ያለው በስስ ላሜራው ላይ፣ በመሣሪያ ሳጥኖቹና በጭስ ማውጫው ላይ ነበር። ወፍራሙ ብረት ቢዝግ እንኳ ስስ ቡናማ ልባስ ይይዛል እንጂ እንደ ቆርቆሮ አይበሳም።

ስለዚህ በመደብሮች የማያቸው ብዙ ሞዴሎች እየተዋጋ ያለን ታንክ የተቃጠለ ታንክ ቀለም ያለብሱታል። የተቃጠለ ታንክ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ያንን ቀለም ለውበት ብቻ ሲጠቀሙበት ሳይ ልቤ ይከፋል፤ ሞዴሉ የቆመና የሚንቀሳቀስ ታንክ ከሆነ እንደ ቆመ ይቀባ፣ የወደመ ከሆነም ወድሞ ይታይ።

ጋራዥ ሰው፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። በላሜራና በወፍራም ብረት መካከል ያለውን ልዩነት ከእኔ በተሻለ አስረዳሽው።

ዕቃ መርማሪ (ዱባይ)፦

ጠያቂያችን የማይመለስ ዕቃ ስለሚገዙ፣ በተግባር ምን እንደሚጠይቁ ልንገርዎት።

በመደብሩ ገጽ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ለማስተዋወቂያ ተብሎ በጥንቃቄ የተቀባ ናሙና ነው። ማስረጀቱ በእጅ ስለሚሠራ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የአንዱ ጥላሸት ስስ ሲሆን የሌላው ቁጥሩን ሸፍኖት ይመጣል። ስለዚህ የሚላክልዎት ራሱ ቅጂ እንዲነሳ አጥብቀው ይጠይቁ። ፎቶግራፉ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከአጠገቡ ነጭ ወረቀት ተቀምጦ ይነሳ። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ቢጫ ከመሰለ የታንኩም ቀለም ቢጫ ተደርጎ እየታየዎት ነው፤ አሸዋማ ቀለምን በመብራት ሥር መገመት ፈጽሞ አይቻልም። ሁለቱም ሞዴሎች በአንድ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን ቢነሱልዎት ከአሥር የተለያዩ ፎቶዎች ይበልጣል።

የሚነሱት ገጾች ግራ፣ ቀኝ፣ ኋላ፣ ከላይ ናቸው። የቱሬቱ ቁጥር በሁለቱም ጎን ቀጥ ማለቱን፣ የመድፉ አፈሙዝ አለመጣመሙን፣ ሰንሰለቱ ጎማዎቹን በትክክል መንካቱን ይዩ። የታይገር ሰፊው ሰንሰለት 72.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በሞዴሉ ላይ አሥር ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ብረቱን ይመርምሩ። ዳይካስት የሚጣለው በአብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ ነው፤ ቅይጡ በእርሳስ ከተበከለ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥበትም ያባብሰዋል። ቀለሙ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ወይም ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ካዩ፣ የተዋጣለት ማስረጀት አድርገው እንዳይወስዱት። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ እንዲህ ተታልያለሁ፤ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ቡናማ ቀለም ሆን ተብሎ የተሠራ መስሎኝ ነበር፣ በዓመቱ የፊተኛው ሳህን ለሁለት ተከፈለ።

አዲስ ሰብሳቢ፦

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቴ፣

ሻጩን ጠይቄ የሁለቱንም ፎቶዎች በመስኮት ብርሃን አስነስቼ ተቀበልኩ። ነጩ ወረቀት ብቻውን ብዙ ነገር ገለጠልኝ። በመደብሩ ገጽ ላይ «ለ» የመጫወቻ ቢጫ ይመስል የነበረው በመብራቱ ምክንያት ነው፤ በቀን ብርሃን ግን ገርጣ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ አሸዋማ ሆኖ ተገኘ። የክዳኖቹ ዙሪያና የፊተኛው ጠርዝም በጣም ስስ በሆነ ሁኔታ መፈተጉን ያየሁት አሁን ነው። የ«ሀ» ቅጂ ደግሞ በግራ ጎኑ ያለው የዝገት መስመር በቱሬቱ ቁጥር ላይ ወርዶ ነጩን ጠርዝ አደብዝዞታል።

«ለ» እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በቀኝ በኩል ያለው ቁጥር ወደ ኋላ ጥቂት ያዘነበለ ነው፣ ጭስ ማውጫዎቹም ጥላሸት ቢኖራቸውም ዝገት የላቸውም። በመደርደሪያዬ ላይ ግራ ጎኑ ወደ እኔ ስለሚዞር የቁጥሩን ጉድለት ታግሼ «ለ»ን ገዛሁት፤ ትናንት ደርሶኛል። የማየው ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ፣ ከክንዴ ርቀት ስለሆነ ሥራው አይጠፋብኝም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋራዥ ሰው አለኝ። ጋሼ፣ ማርሚታዎቹን እኔ ራሴ ዝገት ባለብሳቸው ሞዴሉን አበላሸዋለሁ?

ጋራዥ ሰው፦

አያበላሹትም፤ ፈሳሽ ቀለም ግን አይንኩ። ቡናማ፣ ብርቱካናማና ጥቁር የሥዕል ጠመኔ በምላጭ ፍቀው ያድቅቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደባልቀው ለስላሳ በሆነ ትንሽ ብሩሽ ማርሚታውን በከለለው ላሜራ ላይ በጣም ጥቂት ጥቂቱን ያስይዙት። ከላይኛው አፍ አጠገብ ጥቁሩን ያብዙ፣ ከሥር ቡናማውን። በላዩ ቬርኒሽ አይርጩበት፤ የሚያብረቀርቅ ፊት ይፈጥራል፣ ደግሞም ዱቄቱ ካልወደዱት በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል፣ ቬርኒሽ ከተረጨበት ግን አይነሣም። ከመጀመርዎ በፊት የቱሬቱንና የኋላውን ሳህን በስስ ወረቀት ይሸፍኑ። ሲጨርሱ በመስኮት ብርሃን አንስተው ያሳዩን፤ ነጩን ወረቀት እንዳይረሱ።